ከሣጥኑ የጎደለው ወረቀት

ሚያዝያ 6

ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ናት። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበረች፣ አሁን ጡረታ ወጥታለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። የማያውቀውን አውቃለሁ የሚል ይፈር።

ገና ሳንጀምር ሕጓን ነገረችኝ።

«ያሉትን እጽፋለሁ። አልጨምርም፣ አልቀንስም። የማይጻፍ ነገር ካለ አይናገሩት።»

«ሳል ይዞኝ ብስልስ?»

«ሳሉ ብዬ እጽፋለሁ።»

እንግዲህ ከእንዲህ ያለች ሴት ጋር ነው የተቀመጥኩት።

ለምን እንደማስጽፍ ልናገር። በዩኒቨርሲቲው የቤተ ሙከራ ሕንፃ ቁልፍ ያዥ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት። ስድሳ አራት በር ነው፤ እያንዳንዱን ቁልፍ በጥርሱ፣ በአውራ ጣቴ ዳስሼ አውቀዋለሁ። ያሳደግኳት የወንድሜ ልጅ እዚያው ሕንፃ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ ናት። ሸክላን ከሰጋቱራ ጋር አቡክታ ትጠብሰዋለች፤ ሰጋቱራው ተቃጥሎ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይተዋል፤ ቆሻሻ ውሃ ታፈስበታለህ፣ ንጹሑ ይወርዳል። ጠዋት ይህንን ትመረምራለች፣ ከሰዓት የአንደኛ ዓመት ልጆችን ታስተምራለች።

እንደሷ ያሉት ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሥራው የእነሱ፣ ጭብጨባው የፕሮፌሰሮቹ ሆኖ ነው የኖሩት። በዓይኔ ያየሁት ነው። ዘንድሮ አንድ ሰው ነቃ። በምርምርም በማስተማርም የላቀ ተማሪ ይሸለማል ተባለ። ያሸነፈ ቋሚ መምህር ሆኖ ይቀጠራል። ቦታው አንድ ነው። ከአሥራ አንድ ተወዳዳሪ ሁለት ቀሩ፤ የእኔዋ ልጅና ባለ ቦርሳው። ባለ ቦርሳው የምለው ከቆዳ ቦርሳው ተለይቶ ስለማያውቅ ነው።

ዘመዴ መሆኗን በሕንፃው ውስጥ ማንም አያውቅም። ጋሼ ትለኛለች፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚለኝ። አጎቷ በር ከፈተላት እንዳይባል ነው የደበቅነው። ይህንንም የማስጽፈው ለዚሁ ነው። ስታሸንፍ ንጹሕ መሆኑን ቀን በቀን የሚመሰክር ወረቀት ይኑር።

ማሸነፏ አይቀርም።

ሚያዝያ 9

የፋኩልቲው ዲን ቢሮው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ አናጢው የሠራው አዲስ ሣጥን ተቀምጧል። ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በቀኝ አረንጓዴ፣ በግራ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበታል። ተማሪዎች ስለ አስተማሪያቸው ደብዳቤ ጽፈው ያስገባሉ። አረንጓዴው የእሷ፣ ቢጫው የባለ ቦርሳው።

«ሣጥኑ እርስዎ ዘንድ፣ መግቢያው አጠገብ ይሁን» አለኝ።

«ስንት ጸሐፊ እያለ ለምን እኔ?»

ትንሽ አፈረ። «ማንበብ ስለማይችሉ ነው፣ ጋሼ።»

ስንቱ የተማረ ባለበት ግቢ ባለማንበቤ ታመንኩ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ዘመድ አለዎት ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ያልተጠየቀ አይመልስም።

ሚያዝያ 13

እስካሁን አረንጓዴው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ፣ ቢጫው ውስጥ ሃያ ስድስት። ሲያስገቡ እያየሁ በጣቴ እቆጥራለሁ። መቁጠር ማንበብ አይደለም።

ልጅቷ ሣጥኑ አጠገብ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። እኔ ያሳደግኳት ናት።

ሚያዝያ 17

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ለዘመዱ ግን ባዳ አይደለም። ዛሬ ኮሪደር ላይ ሁለት ተማሪዎች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዱ ያ ረጅሙ፣ ዓመቱን የሚደግመው ነው። ደጋሚው ይሉታል፣ እሱም ይስቃል።

«የእሷ ክፍል ገሃነም ነው» አለ። «አንድ ሙከራ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። መልሱን እያወቀች አትናገርም።»

«ደብዳቤ ጻፍባታ።»

«እጽፋለሁ። ጉዷን ነው የምጽፈው።»

ወለሉን የምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛ ቀና አለችና «ምነው ጋሼ፣ ፊትዎ ተለዋወጠ» አለችኝ። ጥርሴን ነው አልኳት። ጥርሴ ደህና ነው።

እንደምታሸንፍ አውቃለሁ። ቢሆንም ትንሽ ለስለስ ብትል ምን ነበረበት?

ሚያዝያ 20

ደጋሚው በመስኮቱ ደፍ ላይ ተደግፎ ሲጽፍ ቆየ። ይሰርዛል። ይቀዳል። እንደገና ይሰርዛል። ብዕሩን ሲጫነው ወረቀቱ ተቀደደ። በቀይ ነው የሚጽፈው። በደግ ቀን በቀይ የሚጽፍ አላየሁም። አረንጓዴው ቀዳዳ ላይ ሰክቶት ሄደ፤ አልገባም፤ ግማሹ ውጭ ቀረ።

አስተካከልኩት።

በቃ፣ ለዛሬ ይኸው ነው።

ሚያዝያ 21

ሥራ በዝቶብኛል። የሦስተኛ ፎቅ ጓጉንቸር ተበላሽቷል። ሁሉም ደህና ነው። ልጅቷ ከአሥራ ሁለት ማጣሪያ ዘጠኙ ሳይሰነጠቅ ወጣላት። ያኮራል።

ሚያዝያ 22

ጎረቤቴ «ያን ወረቀት እንዴት ነው ያስተካከሉት?» አለችኝ። ጸሐፊ ነሽ ወይስ መርማሪ አልኳት። ይህንንም ጻፈችው።

ሚያዝያ 24

ቀኑ አለቀ። ዲኑ መጥቶ ሁለቱንም ቀዳዳ በወረቀት ለጥፎ ማኅተም መታበት። የሚከፈተው ግንቦት 3 ነው። «ምንም ችግር አልነበረም?» አለኝ። «እኔ ባለሁበት ምን ችግር አለ» አልኩት። ሣጥኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ቤቴ ገባሁ። የኮቴን የውስጥ ኪስ አንድ ሁለቴ ነካሁት።

ቁልፍ አልነካሁም። ይህ ይያዝልኝ። ሣጥኑን አልከፈትኩም። ውጭ የነበረ ነገር ነው።

ሚያዝያ 27

ደጋሚው ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ የኔ ደብዳቤ በደንብ ገብቷል? ስሰካው የተጣመመ መሰለኝ።»

«ምን አስጨነቀህ?»

«አራት ቀን ነው የጻፍኩት። በሕይወቴ እንዲህ ጽፌ አላውቅም።»

ሰውን ለመጉዳት አራት ቀን የሚደክም ልጅ ዓይኑ እንዲያ አይሆንም። የሚለምን ዓይን ነበር። ገብቷል አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። አመሰገነኝ።

ሚያዝያ 29፣ እሑድ

ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

የዛን ቀን ወረቀቱን ወደ ውስጥ አልገፋሁትም። ሳብኩት። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ኮቴን አላወለቅኩም። የሠላሳ አንድ ዓመት ቁልፍ ያዥ፣ አንድም ብልቃጥ ያልጎደለበት ሰው፣ አንድ ወረቀት ሰረቅኩ። ስርቆት አይደለም ብዬ ነበር፤ እሾህ ከመንገዷ ማንሳት ነው ብዬ። የሰው ልጅ ለራሱ ሲፈርድ ጥሩ ጠበቃ አለው።

አውጥቼ ለጎረቤቴ ሰጠኋት። «አንብቢልኝ» አልኳት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አንብቢ።»

እንዲህ ይላል። ቃል በቃል እዚህ እንድትገለብጠው ነግሬያታለሁ።

«መምህርቷን እጠላት ነበር። አንድ ሙከራ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። መልሱን ንገሪኝ ስላት እጅህ ላይ ነው ትለኛለች። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ወጥቶ እኔና እሷ ቀረን። እሷም ምሳዋን አልበላችም። ውሃው ለምን እንደደፈረሰ በራሴ ደረስኩበት። ትምህርቱን ጥዬ ልሄድ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ ማታውን ልብሴን መልሼ ሰቀልኩ። ሌላው አስተማሪያችን ሲያስረዳ በጣም ጎበዝ ነው። ከእሱ ክፍል ስወጣ እሱ እንደሚያውቅ አውቃለሁ። ከእሷ ክፍል ስወጣ እኔ እንደማውቅ አውቃለሁ። ጽሑፌ አያምርም፣ አራት ጊዜ ሰርዣለሁ። ጥቁሩ ብዕር አልቆብኝ ነው በቀይ የጻፍኩት። እሷ ብትሆን አምስተኛ ታስደግመኝ ነበር።»

ጎረቤቴ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

ሳሉ። [እንዲህ ብላ ጽፋለች። ይቀመጥ።]

ሚያዝያ 30

ሣጥኑ ታሽጓል። ማኅተሙን ብነካው ይታወቃል። ወረቀቱን ባቃጥለው ማንም አያውቅም። ያለዚህም አረንጓዴው ውስጥ ሠላሳ አራት ደብዳቤ አለ።

ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ሻይ ስንጠጣ «ጋሼ፣ ሰሞኑን ሰላምታዎ አጠረ» አለችኝ።

ግንቦት 1

መጀመሪያ ለልጅቷ ነገርኳት። ጓሮ፣ ምድጃው አጠገብ ነበረች፤ ማጣሪያዎቿን በጣቷ እየኳኳች ስንጥቅ ትሰማለች። ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ሳወራ መኳኳቷን አቆመች።

«ምን እንደሚል እንዳትነግረኝ» አለች። «ተወዳዳሪ ማወቅ የለበትም።»

«እሺ።»

«ለምን ወሰድከው?»

«መጥፎ መስሎኝ።»

«መጥፎ ቢሆንስ?»

«ልጠብቅሽ ብዬ ነው።»

«ከማን? ከተማሪዎቼ?»

ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት ዳሰስኩት።

«ጋሼ፣ ከአሥራ አንድ ሰው ከቀሩት ሁለት አንዷ ነኝ። እንደማልችል የገመትከው አንተ ብቻ ነህ።»

ከዚያ ማጣሪያውን መኳኳት ቀጠለች። ሄደህ ንገራቸው እንኳ አላለችኝም። እንደምሄድ አውቃ ነው ብዬ ተጽናናሁ። ላይሆንም ይችላል።

ለሃያ አምስት ቀን ስለ እርግጠኝነቴ ሳስጽፍ ነበር። ጎረቤቴ የቀደመውን ታንብብልኝ አልኩና ተውኩት።

ግንቦት 2

ጠዋት ዲኑ ዘንድ ገባሁ። አንድ ባለ ጢም መምህርና አንዲት የሒሳብ መምህርት አብረውት ነበሩ። ሦስቱ ናቸው ዳኞቹ። ቆሜ ነው የተናገርኩት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። የወንድሜ ልጅ መሆኗንም ጨመርኩ፤ ግማሽ እውነት ከሙሉ ውሸት ይከብዳል።

ዲኑ «እኔ እኮ ሣጥኑን ለእርስዎ የሰጠሁት ማንበብ ስለማይችሉ ነው» አለ።

«እኮ። ማንበብ ብችል አልወስደውም ነበር።»

ባለ ጢሙ ሳቀ፤ ሌሎቹ ሲያዩት ጢሙን ጨበጠ።

የሒሳቧ መምህርት ጠየቀችኝ። «ልጅቷ ታውቃለች?»

«ትናንት ነገርኳት። የደብዳቤውን ቃል ግን አልሰማችም፤ አትንገረኝ አለች።»

የቁልፉን ጥቅል አስረክብ አሉኝ። አስረከብኩ። ስወጣ ወገቤ ቀለለኝ። ደስ የሚል ቅለት አይደለም።

ግንቦት 4

ውሳኔው ተለጠፈ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ አነበበችልኝ። የሁለቱም ደብዳቤ ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል። በምትኩ እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ያስተምራሉ። ተማሪ ሆነው የሚቀመጡት የሕንፃው ሠራተኞች ናቸው፤ ጽዳቶች፣ ዘበኞች፣ አትክልተኛው፣ ሹፌሩ። ትምህርቱ አንድ ነው፤ የደፈረሰ ውሃ እንዴት ይጠራል። በማግስቱ ዳኞቹ ሠራተኞቹን ይጠይቃሉ። እኔ በዚያ ቀን ሕንፃው እንዳልደርስ ተጽፏል።

ተገቢ ነው። እኔም ብሆን እንዲሁ እጽፍ ነበር፣ ብጽፍ።

ግንቦት 7

ባለ ቦርሳው የግቢው በር ላይ አገኘኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር።

«ጋሼ፣ የእኔ ደብዳቤዎች ጥሩ ነበሩ ይመስለኛል» አለ። «ሁሉም ተሰረዙ።»

«አውቃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእሷ አይደለም።»

«እሷን አልወቅስም። ሁለት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ነው የተጋራነው።» ቦርሳውን ወደ ሌላው ትከሻው አዞረ። «እንግዲህ በአንድ ሰዓት ላሸንፋት ነው።»

«ሞክር» አልኩት።

ሳቀ። ይህን ልጅ ሁለት ወር ሙሉ በከንቱ ጠምጄው ነበር። ከትምህርት በኋላ ወንበር ሁሉ በቦታው የሚመልሰው እሱ ብቻ ነው፤ ይህንንም አውቅ ነበር፤ እስከ ዛሬ አላስጻፍኩትም።

ግንቦት 11

ልጅቷ ቤት መጥታ እራት ከበላች አሥር ቀን። የበሰለውን ለጎረቤቴ እሰጣለሁ። «በዚሁ ከቀጠለ ልወፍር ነው፣ ቶሎ ይታረቁ» ትለኛለች።

ግንቦት 15

ቀኑን ሙሉ ከግቢው ውጭ፣ ጫማ ጠራጊው አጠገብ ተቀመጥኩ። ጫማዬን ሦስት ጊዜ አስጠረግኩ። ወደ አሥር ሰዓት የጽዳት ሠራተኛዋ ወጣች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

«ንገሪኝ።»

«ቆይ ልተንፍስ። መጀመሪያ ባለ ቦርሳው ገባ። ሥዕል ሣለ፣ ቀለደ፣ አጨበጨብንለት። እንዴት ያለ አንደበት ነው። አትክልተኛው ልጄን እድርለታለሁ ብሏል።»

«እሺ፣ እሷስ?»

«እሷማ ምንም አልተናገረችም። ለእያንዳንዳችን ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ፣ አሸዋና አንድ ጆግ የጭቃ ውሃ ሰጠችን። አፈሰስኩ፣ ጭቃው እንዳለ ወረደ። ለምን? ትለኛለች። እኔ ምን አውቄ፣ የተማርሽው አንቺ፣ አልኳት። ሁሉም ሳቀ።»

«ተቆጣች?»

«ስንት ዓመት ወለል አጠብሽ አለችኝ። ሃያ አልኳት። እንግዲያ ቆሻሻ ውሃ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ፣ ድገሚው፣ አለችኝ። ደገምኩ። ያው። እንዴት ያለች ደረቅ ናት አልኩ። ሦስተኛው ላይ እጄን አየሁት። በአንድ ጊዜ ነው የምደፋው፤ ውሃው አሸዋውን ይቦረቡረዋል፣ በቦረቦረው ይሾልካል። በቀስታ፣ ዳር ዳሩን አፈሰስኩ። ጋሼ፣ ጠብ ጠብ ያለው ጠራ። ማንም አልነገረኝም።»

እጇን ዘርግታ አሳየችኝ፣ እንዴት እንዳፈሰሰች። ጫማ ጠራጊውም ቀና ብሎ አየ።

የደጋሚውን ደብዳቤ ያላነበበች ሴት ናት።

ግንቦት 17

ትናንት ዳኞቹ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠየቁ። ዘበኛው ባለ ቦርሳው ያስተማረውን ከሥዕሉ ጋር አስረድቷል፤ ጎበዝ ነው፣ አይካድም። አትክልተኛው ቀልዱን ብቻ ነው ያስታወሰው። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ አምጡልኝ አለች አሉ።

ግንቦት 21

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆምኩ። በሩን የከፈተው ሌላ ሰው ነው፤ ትክክል አልከፈተውም፣ ሲጢጥ ይላል።

ዲኑ ከሁሉ በፊት የደብዳቤዎቹን ነገር ተናገረ። የተወዳዳሪዋ አጎት የሆነው የሣጥኑ ጠባቂ አንድ ደብዳቤ ማውጣቱን፣ ራሱ መጥቶ መናገሩን፣ ደብዳቤዎቹ ሁሉ መሰረዛቸውን። ሰው ዞሮ አየኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከዚያ በምርምር ባለ ቦርሳው በሁለት ነጥብ እንደቀደመ ተናገረ። በማስተማር ደግሞ እሷ በሰባት። ድምሩን ለመስማት አልጠበቅኩም፤ መቁጠር እችላለሁ አላልኩም?

አንደኛ የወጣችው እሷ ናት። ቦታው የእሷ ሆነ። ባለ ቦርሳውም የምርምሩን ሽልማት ተቀበለ፤ ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበላት እሱ ነው። ደጋሚው ወንበር ላይ ሊወጣ ሲል ጎትተው አስቀመጡት። ደብዳቤውን መልሰውለታል፤ ለእሷ ሲሰጣት አይቻለሁ። ቆማ አነበበችው፣ ብዕር ከኪሷ አወጣችና አንድ ነገር አረመችለት።

ማታ ቤት መጣች።

«ዛሬም አልታረቅኩህም» አለች።

«እራትስ?»

«እራት ይበላል።»

ግንቦት 24

ለእኔም ደብዳቤ መጣ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ቁልፉ ይመለስልኛል፤ ሣጥን ግን ከእንግዲህ አልይዝም። ጥፋቴ በቀኑ፣ በቦታው፣ በአኳኋኑ ተጽፏል። ሰረቀ አላሉም፣ ምክንያቱም ሣጥኑን አልከፈትኩም። ተሳሳተ ብቻም አላሉም፣ ምክንያቱም ሳውቅ ነው ያደረግኩት። ራሱ መጥቶ ተናገረ የሚለውም አልቀረም። በሠራሁት ላይ አንድ ቅንጣት አልጨመሩም፣ አንድ ቅንጣት አልቀነሱም። የፍርድ ቤቷ ሴት እንኳ «በደንብ የተጻፈ ነው» አለች። የአውራ ጣቴን አሻራ አድርጌ ግልባጩን ተቀበልኩ።

ልጅቷ የሽልማት ወረቀቷን ግድግዳዬ ላይ ልትሰቅልልኝ መዶሻ ይዛ መጣች። ሁለት ሚስማር አምጪ አልኳት።

«ለምን ሁለት?»

«የእኔንም ከጎኑ ስቀዪልኝ።»

«ጋሼ፣ ማስጠንቀቂያ እኮ ነው። እንግዳ ሁሉ ያነበዋል።»

«ያንብበው። የአጎትሽን ጥፋት እንዲህ አስተካክሎ የመዘነ ሰው ነው አንቺን የመዘነው። የእኔን ያነበበ የአንቺን ይጠራጠራል?»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ ሚስማሩን በከንፈሯ ይዛ የእኔን ቀድማ ሰቀለች። ጠምሞ ነበር፤ ነቅላ እንደገና መታችው፣ ሦስተኛው ላይ ቀጥ አለ።